ሕያው ማዳበሪያ፦ ወጣቶችን በምርቱ ለማሠልጠን ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

የአገራችን አርሶ አደር የሚጠቀምበት የኬሚካል ማዳበሪያ ከውጭ በግዢ የሚገባ ሲሆን፣ ለዚሁ ተግባር በየዓመቱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ወጪ ይደረጋል። በየካቲት 2014 ዓ.ም የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲቀሰቀስ የማዳበሪያ የዓለም ገበያ ዋጋ ማሻቀቡ ይህ ጥገኝነት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በግልጽ አሳይቷል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም በሶማሌ ክልል ጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ይሁንና ዩሪያ በአገር ውስጥ ቢመረትም እንኳ አፈሩ ያጣውን ብስባሽና በውስጡ የሚኖሩትን ደቂቅ ዘአካላት አይመልስም። ዘላቂነት ላለው ግብርና ከኬሚካል ማዳበሪያ ጎን ለጎን ሕያውና የተፈጥሮ ማዳበሪያ የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሥራው ከፍተኛ ካፒታል ከማይጠይቁት የሥራ መስኮች አንዱ በመሆኑ ለወጣቶች የሥራ ዕድል ለመፍጠር ምቹ ነው። ሆኖም “ባዮ ፈርቲላይዘር” በሚል የጋራ ስም የሚጠሩት ምርቶች በአሠራራቸውም ሆነ በሚጠይቁት ክህሎት የተለያዩ ናቸው። ይህ ልዩነት ሳይታወቅ የሚሰጥ ሥልጠና ወጣቱን ለማይወጣው ብድር፣ አርሶ አደሩን ደግሞ ለባከነ የምርት ዘመን ሊዳርግ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የምርቶቹን ዓይነት፣ የአገራችንን ተሞክሮ እንዲሁም በየካ ክፍለ ከተማ እንደ ወሰን ባሉ የከተማ ዳርቻ አካባቢዎች ሥልጠናው ሊያተኩርባቸው የሚገቡ ጉዳዮችን በአጭሩ ያብራራል።

ሕያው ማዳበሪያ ምንድን ነው?

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ዕፅዋት ግን ይህን ናይትሮጅን በቀጥታ ሊጠቀሙበት አይችሉም። ራይዞቢየም በሚል የወል መጠሪያ የሚታወቁት ባክቴሪያዎች የባቄላ፣ የአተር፣ የምስር፣ የሽምብራ፣ የቦሎቄና የአኩሪ አተር ሥሮች ውስጥ ገብተው ትናንሽ እባጮችን ይፈጥራሉ፤ በእባጮቹም ውስጥ የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ በሚስማማ መልክ ይለውጣሉ። ደቹ ተመራማሪ ማርቲኑስ ቤየሪንክ እነዚህን ባክቴሪያዎች ከሥር እባጭ ለይቶ ያሳደገው እ.ኤ.አ በ1888 ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ምርቱ በጀርመን ለገበያ ቀርቧል።

በጠባቡ ትርጉም ሕያው ማዳበሪያ የሚባለው ይኸው ነው፤ የተመረጠ የባክቴሪያ ዝርያ በቤተ ሙከራ ተባዝቶ፣ ከተፈጨ ተሸካሚ ቁስ ጋር ተቀላቅሎ በከረጢት የሚታሸግ ምርት። ጥራቱን የጠበቀ ምርት በሚታሸግበት ጊዜ በእያንዳንዱ ግራም ውስጥ 1 ቢሊዮን ያህል ሕያው ባክቴሪያ ይኖረዋል። በአገራችን የተለመደው መጠን ለአንድ ሄክታር 500 ግራም ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን የሚይዝ ሲሆን፣ ሁኔታዎች የተመቻቹለት የጥራጥሬ ሰብል በሄክታር ከዚህ የሚልቅ ናይትሮጅን ከአየር ሊያገኝ ይችላል።

ምርቱ ግን ገደብ አለው። ለባቄላ የተዘጋጀው ለአኩሪ አተር አይሠራም። ጤፍና ስንዴም የሥር እባጭ ስለማያበጁ ጥቅሙን የሚያገኙት በቀጥታ ሳይሆን ከጥራጥሬ ጋር በሚደረግ የሰብል ፈረቃ ነው። አፈሩ ፎስፈረስ ካነሰው ወይም አሲዳማነቱ ከበረታ ባክቴሪያው ሥራውን በሚገባ ማከናወን አይችልም። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ ሲታሰብ፣ በእነዚህ አካባቢዎች አስቀድሞ በኖራ ማከም የግድ ይሆናል።

ኮምፖስት፣ የትል ማዳበሪያ እና ከባዮጋዝ ማብላያ የሚወጣው ዝቃጭ ከዚህ ይለያሉ። እነዚህ የተፈጥሮ ማዳበሪያዎች የሚሠሩት ከእበት፣ ከሰብል ተረፈ ምርትና ከሚበሰብስ ደረቅ ቆሻሻ ሲሆን፣ አፈሩን በብስባሽ ያበለጽጋሉ፤ እርጥበት የመያዝ አቅሙንም ይጨምራሉ።

የአገራችን ተሞክሮ

የራይዞቢየም ምርምር በአገራችን የቆየ ታሪክ አለው። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከልና አዲስ አበባ የሚገኘው ብሔራዊ የአፈር ምርመራ ማዕከል ዝርያዎችን በመለየትና በማባዛት ሲሠሩ ቆይተዋል። ከዚያም መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ የተባለው የግል ኩባንያ ምርቱን ለገበያ ማቅረብ ጀምሯል። ከ2006 ዓ.ም አንስቶ ደግሞ በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ኤን ቱ አፍሪካ የተሰኘ ፕሮጀክት ከኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ከዩኒቨርሲቲዎችና ከክልል የምርምር ተቋማት ጋር በመተባበር ምርቱን በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ አስተዋውቋል። ፕሮጀክቱ በኢትዮጵያ የተስተናገደው አዲስ አበባ ጉርድ ሾላ አካባቢ በሚገኘው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ኢንስቲትዩት ግቢ ነበር።

በኮምፖስት ረገድ በስፋት የሚጠቀሰው በትግራይ የተካሄደው ሥራ ነው። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ የመሠረቱት የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር በጥቂት መንደሮች ሥራውን ጀመረ። በተከታታይ ዓመታት ከማሳ በተሰበሰበው መረጃ መሠረት ኮምፖስት የተደረገበት ማሳ ምንም ካልተደረገበት የላቀ ምርት ሰጥቷል፤ በአብዛኞቹ ሰብሎችም ውጤቱ የኬሚካል ማዳበሪያ ከተጨመረበት ማሳ የማያንስ ሆኖ ተገኝቷል።

በ2000 ዓ.ም የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በመጀመሪያው ምዕራፍ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል 14 ሺህ ማብላያዎችን ለመገንባት አቅዶ ከ8 ሺህ በላይ የሚሆኑትን ገንብቷል። የፕሮግራሙ ጠቀሜታ ኃይል በማመንጨት ብቻ የሚወሰን አይደለም። በደጋው የአገራችን ክፍል ለማሳ ይውል የነበረው እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ማብላያው ግን ጋዙን ለማገዶ፣ ዝቃጩን ለአፈር ያውላል።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በቤተ ሙከራ የሚባዛውን ባክቴሪያ ያመረቱት የምርምር ተቋማትና በዘርፉ የተሰማራ ኩባንያ ሲሆኑ፣ ኮምፖስትን ግን አርሶ አደሮች ራሳቸው በስፋት አምርተውታል።

ሥልጠናው ምን ሊያካትት ይገባል?

በወጣቶች ማኅበር ደረጃ በአጭር ሥልጠና ሊመረቱ የሚችሉት ኮምፖስትና የትል ማዳበሪያ ናቸው። የራይዞቢየም ምርት ንጹሕ ቤተ ሙከራ፣ የሠለጠነ የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያና ተከታታይ የጥራት ቁጥጥር ይጠይቃል። እነዚህ ሳይሟሉ የታሸገ ዱቄት ውስጡ ያለው ባክቴሪያ ሕያው ይሁን ሙት በዓይን አይለይም። አርሶ አደሩ ጉድለቱን የሚያውቀው ሰብሉ ከበቀለ በኋላ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተታለለ ደግሞ ጥራት ያለው ምርት ሲቀርብለትም አይቀበልም።

ይህ ማለት ግን ወጣቶች ከዚህ ምርት ጋር ግንኙነት አይኖራቸውም ማለት አይደለም። ከአምራቹ ተረክበው በቀዝቃዛና ጥላ ባለው ቦታ የማስቀመጥ፣ የአገልግሎት ጊዜው ሳያልፍ የማከፋፈልና አጠቃቀሙን የማሳየት ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። ዘሩን በስኳር ውኃ ጥቂት አርሶ፣ በጥላ ሥር ከዱቄቱ ጋር አሽቶ፣ በዚያው ዕለት እርጥበት ባለው መሬት መዝራት ያስፈልጋል። በፀሐይ ማዋል ወይም ከኬሚካል ማዳበሪያና ከዘር ማከሚያ መድኃኒት ጋር መደባለቅ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ሰብሉ ሲያብብ ጥቂት ተክሎችን በጥንቃቄ ነቅሎ እባጮቹን በመሰንጠቅ ውጤቱን ማየት ይቻላል፤ ውስጣቸው ቀላ ያለ ከሆነ ሥራ ላይ ናቸው፤ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ ከሆነ ግን ናይትሮጅን እያዘጋጁ አይደለም።

የኮምፖስት ሥልጠና ደረቅና እርጥብ ቁሶችን በተመጣጠነ መጠን መደርደርን፣ የክምሩን ሙቀትና እርጥበት መከታተልን፣ ማገላበጥንና መብሰሉን መለየትን ያጠቃልላል። ክምሩ በሚገባ ሲግል የአረም ዘርና በሽታ አምጪ ተህዋስያን ይሞታሉ። ለትል ማዳበሪያ የሚውለው በአብዛኛው አይሴኒያ ፌቲዳ የተባለው ቀይ ትል ሲሆን፣ ጥላና እርጥበት ይፈልጋል። ትኩስ እበት ሙቀቱ ትሉን ስለሚገድለው አስቀድሞ መብላላት አለበት።

የወሰንና የእንጦጦ ግርጌ ሁኔታ

ወሰን በሚገኝበት የየካ ክፍለ ከተማ ለሥራው የሚሆን ግብዓት አለ። የሾላ ገበያ የአትክልት ተረፈ ምርት፣ የቤት ውስጥ የሚበሰብስ ቆሻሻና በከተማዋ ዳርቻ ካሉ የወተት ላሞች የሚገኘው እበት በዋናነት ይጠቀሳሉ። ከአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም በቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን ያጡበት አደጋም የሚበሰብሰውን ቆሻሻ ከምንጩ ለይቶ መጠቀም ከማዳበሪያም በላይ ፋይዳ እንዳለው ያመለክታል።

አካባቢው ልዩ ጥንቃቄም ይፈልጋል። የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው በመሆኑ ቅዝቃዜው የብስባሹን ሂደት ያዘገያል። ስለሆነም ክምሩን ከፍ አድርጎ መሥራትና መሸፈን ያስፈልጋል፤ በክረምትም ከዝናብ መጠለል አለበት። በተራራው ላይ በብዛት የሚገኘው የባሕር ዛፍ ቅጠል ደግሞ በውስጡ ባለው ዘይት ምክንያት በዝግታ ስለሚበሰብስ ከሌላ ቁስ ጋር በአነስተኛ መጠን ተደባልቆ ካልሆነ በቀር ለኮምፖስት አይመከርም፤ ለትሎችም አይስማማም።

የኮምፖስት ዋነኛ ችግር ክብደቱ ነው። ለአንድ ሄክታር በርካታ ቶን ስለሚያስፈልግ ወደ ሩቅ ገጠር ሲጓጓዝ የማመላለሻው ወጪ ከምርቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ በአዲስ አበባ የሚመረተው ኮምፖስት ተፈላጊ የሚሆነው በቅርብ ነው፦ በከተማ ግብርና በተሰማሩ አባወራዎችና እማወራዎች፣ በትምህርት ቤት ጓሮዎች፣ በመንገድ ዳር አረንጓዴ ልማት እንዲሁም በ2011 ዓ.ም ለተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ችግኝ በሚያፈሉ ጣቢያዎች።

ከሥልጠናው በፊት ሊረጋገጡ የሚገባቸው

አንድ ማኅበር ከመደራጀቱና ብድር ከመውሰዱ በፊት የሚመለከታቸው ጽሕፈት ቤቶች የሚከተሉትን ቢያረጋግጡ ይመረጣል። ግብዓቱን በቋሚነት የሚሰጠው ማን ነው? ከፕላስቲክ፣ ከባትሪና ከሕክምና ቆሻሻ ተለይቶ ይቀርባል ወይ? የማምረቻ ቦታው ከመኖሪያ ቤቶችና ከወንዝ የራቀ ነው ወይ? ምርቱ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ናሙናው በየትኛው ቤተ ሙከራ ይመረመራል? የመጀመሪያው ገዢስ ማን ነው?

በተለይም የመጨረሻው ጥያቄ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እጅ ያለ ነው። ለችግኝ ጣቢያና ለአረንጓዴ ቦታዎች ማዳበሪያ የሚገዙ ተቋማት የጥራት መስፈርታቸውን አስቀድመው አሳውቀው ከማኅበራቱ ጋር ውል ቢገቡ፣ ሠልጣኞቹ ምን ያህል፣ በምን ጥራትና ለመቼ ማምረት እንዳለባቸው አውቀው ሥራ ይጀምራሉ። የሥልጠናው ስኬትም በሠልጣኞች ቁጥር ሳይሆን ከአንድ ዓመት በኋላ በማምረት ላይ በሚገኙት ማኅበራትና ተመርምሮ በተሸጠው ምርት መጠን ሊለካ ይገባል።