ስለ አቢግያ ብላቴና፤ የቤትን ግፍ ስለሚናገሩ ምእመናን የታሪክ ሐተታ

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈው፥ ናባል የሚባል ባለጸጋ በማዖን ነበረ። ሀብቱ ብዙ፥ ግብሩ ግን ክፉ ነበረ። የዳዊትን መልእክተኞች ሰድቦ በቤቱ ላይ ሞትን በጠራ ጊዜ፥ ከብላቴኖቹ አንዱ ወደ እመቤቱ ወደ አቢግያ ሄዶ የጌታውን ክፋት ሳይሸፍን ነገራት፤ ማንም ደፍሮ ሊመክረው እንደማይችልም ገለጠላት። ብላቴናው ስለ ምን ተናገረ ቢሉ፥ ጌታውን ሊያዋርድ አይደለም፤ ቤቱን ከጥፋት ሊያድን ነው። አንድም ዝም ቢል የሚፈሰው ደም በእርሱም ላይ ይቈጠር ነበርና ነው። አቢግያም የባሏን ክፋት በዳዊት ፊት አልሸሸገችም፤ ዳዊትም ማስተዋሏን ባረከ እንጂ አልነቀፋትም።

ይህን የሚመስል ነገር በአገራችንም ተደርጓል። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በ1584 ዓ.ም. ተወልዳ፥ ከዐፄ ሱስንዮስ መካሮች አንዱ ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች፤ በስማዳም ተቀመጠች። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ባሏ ወደ ዘመቻ በሄደ ጊዜ በመነኮሳት ረዳትነት ወጥታ ወደ ጣና ገዳማት ሄደች። እርሱም ይህን ሰምቶ ሊመልሳት አንድ ከተማ አጠፋ። እርስዋም ስለ እኔ ድሀ አይለቅ ብላ ተመለሰች። ኋላ ግን በ1609 ዓ.ም. በአቡነ ስምዖን መገደል እጁ እንዳለበት ባወቀች ጊዜ፥ ፈጽማ ተለየችው፤ መነኰሰችም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን አስተውል። ወደ ቤቷ የተመለሰችው ባሏ ስለ ታረቀ አይደለም፤ ስለ ተቃጠለው አገር ነው። የቤት ግፍ በበትር ብቻ አይደለምና፥ ሚስትን በሌላው መከራ አስገድዶ መመለስም ግፍ ነው። እርስዋም በኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች። ከዕረፍቷ 30 ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የሚባል መነኵሴ በግዕዝ ገድሏን ሲጽፍ፥ የባለ ሥልጣኑን ሥራ ለክብሩ ብሎ አልሸሸገም። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን የባልን ግፍ በብራና ጽፋ በጉባኤ የምታነብ ከሆነች፥ ካህኗ በደጁ ያየውን ግፍ ስለ ምን ይሸፍናል?

አባቶችም ዝም አላሉም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች የተላከችውን የመጀመሪያይቱን መልእክት ሲተረጕም፥ ገረድን መምታት እንኳ ነውር ከሆነ ሚስትን መምታት እጅግ የከፋ ነው ብሎ አስተማረ፤ ጩኸቷን ሰምተው ጎረቤቶች ወደ ቤቱ የሚሮጡበትን ባልም አውሬ ከገባበት ቤት ጋር አመሳሰለው። ፍትሐ ነገሥትም በአንቀጽ 24 ስለ ጋብቻ ሲናገር፥ አንዱ የሌላውን ነፍስ ሊያጠፋ ቢመክር መለያየትን ፈቀደ።

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ የተበደለች ሚስት ወደ አባቷ ቤት ስትሸሽ ባል ሽማግሌ ይልካል፤ ዋስ ይጠራል፤ የነፍስ አባትም ያስታርቃል። እርቅ መልካም ነው። ነገር ግን ካሣው ለአባቷ ተከፍሎ ቍስሉ ለእርስዋ ከቀረ፥ እርቅ አይባልም። የንስሐ ምሥጢር አይገለጥም፤ በዓይን የታየ ቍስልና በጆሮ የተሰማ ጩኸት ግን የንስሐ ምሥጢር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚስት ለባል እንድትታዘዝ ያዝዝ ነበር፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መጉዳት ወንጀል መሆኑን ለይቶ ደነገገ። ስለዚህ ወደ ዳኛ የምትሄደውን ሴት ቤት አፍራሽ የሚላት ይሳሳታል።

የአቢግያ ብላቴና መኰንን አልነበረም፤ ካህንም አልነበረም። ነገር ግን በጊዜው ስለ ተናገረ የሰው ሁሉ ነፍስ ተረፈ። ከእርሱ የሚበልጥ መዓርግ ያላችሁ ካህናትና መኳንንት ሆይ፥ ከእርሱ ያነሰ አትናገሩ። ትዕግሥት የተበዳይ ገንዘብ ናት፤ የተመልካች ዝምታ ግን ትዕግሥት አይደለችም።