የመቅደላ ዘመቻ ሒሳብ፦ ለንደንና ካልካታ የተከራከሩበት ወጪ

ኅዳር 19 ቀን 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 28 ቀን 1867) የእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት አንድ የወሎ አምባ ባስከተለው ወጪ ላይ ሲከራከር አመሸ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት ጦር እንዲዘምት ቀድሞ ተወስኗል፤ ቀዳሚው ጓድም ዙላ ላይ ከመርከብ ወርዷል። ያልተቋጨው የዘማቹ ወታደር ደመወዝ ከማን ግምጃ ቤት ይውጣ የሚለው ነበር።

ጥያቄውን ያስነሣው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 የወጣው የህንድ አስተዳደር ሕግ፣ ወረራን ለመመከት ወይም ድንገተኛና አስቸኳይ ችግር ሲያጋጥም ካልሆነ በቀር፣ የህንድ ገቢ ከህንድ ድንበር ውጭ ለሚደረግ ዘመቻ ያለ ሁለቱ ምክር ቤቶች ፈቃድ እንዳይውል ይከለክላል። የዘመቻው መሪ ሰር ሮበርት ናፒየር ደግሞ የቦምቤይ ጦር አዛዥ ነበር፤ 13,000 ገደማ ከሚሆነው ተዋጊ አብዛኛው ህንዳዊ ነው። እንግሊዛውያኑም ቢሆኑ ብዙዎቹ ህንድ ሰፍረው ከህንድ ግብር የሚከፈላቸው ነበሩ። መቅደላን ጥሶ የገባው 33ኛው ክፍለ ጦር ሳይቀር የመጣው ከዚያ ነው።

የህንድ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሰር ስታፎርድ ኖርዝኮት ያቀረበው መፍትሔ ወጪውን ለሁለት የሚከፍል ነበር። ወታደሩና የህንድ መንግሥት መርከቦች እዚያው ህንድ ቢቆዩ ኖሮ ይወጣ የነበረው መደበኛ ወጪ በህንድ ላይ ይቀራል። ዘመቻው ያመጣውን ተጨማሪ ወጪ እንግሊዝ ትሸፍናለች። በሄደው ጦር ምትክ ሌላ ማቆም ካስፈለገም ያ ወጪ ከለንደን ይመለሳል። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ህንድ ከኪሷ አዲስ ሳንቲም አላወጣችምና።

ዓይነ ስውሩ የፓርላማ አባል ሄንሪ ፎሴት ግን አልተቀበለውም። ጠቡ የለንደን ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጠብ ነው፤ የህንድ ገበሬ ምን አገባው? ከጥቂት ወራት በፊት የህንድ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ሎርድ ክራንቦርንም ህንድ እንግሊዝ ሳትከፍል የፈለገችውን ያህል ወታደር የምትወስድባት የጦር ሰፈር ተደርጋ መታየቷን እንደማይወድ ተናገረ። የተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ እስከ ዛሬ ክብደቱን አላጣም። ይህ ሁሉ ጦር ሲወጣ ህንድ ካልተጎዳች፣ ቀድሞውንም ከሚያስፈልጋት በላይ ወታደር ትቀልብ ነበር ማለት ነው። ከተጎዳች ደግሞ ካሣ ይገባታል። ይህ ሁሉ ተብሎ ውሳኔው በሰፊ ድምፅ አለፈ።

ከባዱ ሒሳብ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ዲዝራኤሊ መጀመሪያ የጠየቀው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን ጠቅላላ ግምቱም 3.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ግምቱ ወደ 5 ሚሊዮን ከፍ አለ፤ የመጨረሻው ድምር ደግሞ ወደ 9 ሚሊዮን ተጠጋ። ዙላ ላይ ወደብ ተሠራ፤ ከዚያ እስከ ኩማይሊ ሐዲድ ተዘረጋ። መርከብ ተከራዩ፤ ከግብፅ፣ ከስፔንና ከሌሎችም አገሮች በቅሎ ገዙ፤ ከበቅሎዎቹ ግን ብዙዎቹ በዙላ በረሃ በጥማትና በበሽታ አለቁ። መድፍ ለማጓጓዝ 44 ዝሆኖች ከህንድ መጡ። የኢትዮጵያ ገበሬ እህልና ገለባ የሚሸጠው በማሪያ ቴሬዛ ብር ብቻ ስለሆነ ብሩ ቪየና እየተመረተ ተላከ። በእኔ እምነት የብክነቱ ትልቁ ምክንያት አወቃቀሩ ነው። አዛዡም ገዢውም ቦምቤይ፣ ከፋዩ ለንደን። እንዲህ ባለ ሥርዓት ቦምቤይን ቁጠባ የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። ፓርላማው እ.ኤ.አ. በ1869 እና በ1870 መርማሪ ኮሚቴ አቁሞ ግዢውንና የመርከብ ኪራዩን ሲያጣራ ገንዘቡ አልቆ ነበር።

የወሎ ሒሳብ ግን በለንደን መዝገብ የለም። መቅደላ ከወሎ ኦሮሞ ባላባቶች እጅ የወጣችው በ1848 ዓ.ም. መባቻ ነው። ምኒልክ ሰኔ 24 ቀን 1857 ዓ.ም. ከታሰሩበት አምባ አምልጠው የወሎዋ ባላባት ወይዘሮ ወርቂት ዘንድ ሲደርሱ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በእጃቸው የነበረውን የወርቂትን ልጅ አስገደሉ። እናት እንግዳዋን ስታሳልፍ ልጇ በጠላቷ እጅ እንዳለ ታውቅ ነበር። በዚያ ዘመን ታሪካችን እንደዚህ የከበደ ዕዳ የከፈለ ሰው ጥቂት ነው፤ ስሟ ግን ከናፒየር ዝሆኖች ያነሰ ይነገራል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ መቅደላ ወደቀች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸውን ገደሉ። አምባዪቱን ወርቂትም ተቀናቃኟ ወይዘሮ መስታወትም የእኔ ናት አሉ። ናፒየር ለዋግሹም ጎበዜ ሰዎች ቢያቀርብላቸው አልፈለጓትም። በመጨረሻ አቃጥሏት ወጣ። የወሎ ቤቶች ፉክክር ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቀጠለ፤ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ የወሎው መሐመድ አሊ (የኋላው ራስ ሚካኤል) ሚካኤል ተብለው ክርስትና እስኪነሡ ድረስ።

የኖርዝኮት ቀመር ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1885 ለሱዳን ዘመቻ ተመልሶ መጣ፤ መደበኛው ለህንድ፣ ተጨማሪው ለእንግሊዝ። እ.ኤ.አ. በ1895 የህንድን ወጪ የሚመረምረው የዌልቢ ኮሚሽን ሲቋቋም አባል የሆነው ህንዳዊ ዳዳባይ ናውሮጂ ህንድ ለሌላ ሰው ጦርነት መክፈሏን አጥብቆ ተቃወመ። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የጣሊያን ጦር ተሸነፈ፤ ራስ ሚካኤልም የወሎ ፈረሰኛቸውን ይዘው በዚያ ተሰልፈው ነበር። ከቀናት በኋላ እንግሊዝ፣ ለጣሊያን ፋታ ለመስጠት ጭምር፣ ጦሯ ወደ ሱዳኗ ዶንጎላ እንዲገፋ አዘዘች። የሱዳን ወደብ ሱዋኪንን እንዲጠብቅ የህንድ ብርጌድ ተላከ። መቀመጫው ካልካታ የነበረው የህንድ መንግሥት ተቃወመ፤ ፓርላማው ግን የብርጌዱን መደበኛ ወጪ እንደገና በህንድ ላይ ጣለ። ያን ውሳኔ ያሳለፈው መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ሎርድ ሳልስበሪ ነበር፤ ማለትም በ1860 ዓ.ም. ህንድ የእንግሊዝ የጦር ሰፈር አትሁን ብሎ የተናገረው ያው ክራንቦርን።