ጋሪኦወን፦ የራግቢ ምት ታሪክና ክርክሩ

ራግቢ በሚወደድባቸው ከተሞች፣ በአየርላንዷ ሊምሪክም ሆነ በፈረንሳዩ ቱሉዝ፣ ክለባቸው በጥቂት ነጥብ በተረታ ማግስት ደጋፊዎች ደጋግመው የሚያነሱት ወቀሳ አለ፦ «ኳሱ በእጃችን እያለ ለምን እየለጋን እናስረክባለን?» ሞላላውን ኳስ አቅፎ መሮጥ ጀግንነት፣ በእግር መትቶ ወደ ተጋጣሚ መላክ ደግሞ ፍርሃት ተደርጎ ይታያል። ቁጭቱ ይገባኛል፤ የጨዋታው ታሪክ ግን አይደግፈውም። ምት በራግቢ ሜዳ ማጥቂያም መሸሸጊያም ሆኖ ያውቃል። ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሆን ሲወስን የኖረው ደግሞ ከተጫዋቹ ልብ ይልቅ ሕጉ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። በእንግሊዝ የራግቢ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በ1845 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሕጋቸውን በጽሑፍ ሲያሰፍሩ ግብ የሚቆጠረው በምት ብቻ ነበር። ኳስ ይዞ ሮጦ ከተጋጣሚ መስመር ጀርባ መሬት ማስነካት በራሱ ምንም አያስቆጥርም፤ የሚያስገኘው ወደ ግብ የመምታት ሙከራ ነው። ዛሬ የጨዋታው ጌጥ የሆነው ውጤት «ትራይ»፣ ማለትም «ሙከራ» ተብሎ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። በ1871 ኤድንብራ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የአገሮች ግጥሚያ እንግሊዝም ስኮትላንድም መሬት አስነክተዋል፤ ስኮትላንድን አሸናፊ ያደረጋት ግን በምት የተገኘችው አንዲት ግብ ናት። የትራይ ዋጋ በ1890ዎቹ 3 ነጥብ ደረሰ፤ በ1971 4፣ በ1992 ደግሞ 5 ሆነ። ስለዚህ ምት በኋላ ሾልኮ የገባ እንግዳ አይደለም፤ በሕግ እየተደገፈ ቀስ በቀስ ከፍ ያለው ሩጫው ነው።

ምት ምን ያህል የማጥቂያ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ከሊምሪክ በላይ የሚመሰክር ከተማ ያለ አይመስለኝም። በ1884 የተመሠረተው የከተማዋ ክለብ ጋሪኦወን ኳሱን ወደ ሰማይ አጉኖ ከሥሩ በመገስገስ ስለታወቀ፣ ይህ ዓይነቱ ምት እስከ ዛሬ በክለቡ ስም ይጠራል። ዘዴው ያለው በከፍታው ውስጥ ነው። ኳሱ አየር ላይ በቆየ ቁጥር አሳዳጆቹ ይደርሳሉ፤ ሊቀልበው የቆመው ተከላካይ ደግሞ ዓይኑ ሰማይ ላይ ስለሆነ የሚመጡበትን አያያቸውም። ይህን ኳስ ማስረከብ ብሎ መጥራት ስህተት ነው፤ ትግሉን ወደ ተጋጣሚ ደጃፍ መውሰድ ነው። የከተማዋ ታላቅ ቀን የሆነው ኦክቶበር 31 ቀን 1978ም ይህንኑ ያሳያል። ሊምሪክ የምትገኝበት የማንስተር ክፍለ ሀገር ቡድን በከተማዋ ሜዳ በቶሞንድ ፓርክ ኒውዚላንድን 12 ለ 0 ሲረታ ቶኒ ዋርድ ወደፊት ለጋ፣ ጂሚ ቦወን ኳሱን አግኝቶ ሮጠ፣ ክሪስቲ ካንቲሎን መሬት አስነካ። ከትራዩ በኋላ የሚሰጠውን ማሟያ ምት የመታው ዋርድ ነው፤ ኳስን መሬት አንጥሮ በመምታት የሚገኙትን ሁለት ድሮፕ ጎሎችም እሱው አስቆጠረ። ከ12ቱ ነጥቦች ያለ ምት የመጣ አንድም አልነበረም። ኒውዚላንድ በዚያ ጉብኝቷ ካደረገቻቸው 18 ጨዋታዎች የተሸነፈችው በዚህ ብቻ ነው።

ምትን የሚቃወሙም ጠንካራ ማስረጃ አላቸው፤ ሊደበቅም አይገባም። በ1963 ከስኮትላንድ ጋር በመሪፊልድ ሜዳ በተደረገ ጨዋታ የዌልስ አምበል ክላይቭ ሮውላንድስ ኳሱን እየደጋገመ ከጎን መስመር ውጪ ለጋ። በዚያ ቀን 111 ጊዜ ተሰልፈው የውጪ ኳስ ተወረወረ ይባላል፤ ዌልስም አንድ ትራይ ሳታስቆጥር 6 ለ 0 አሸነፈች። ተመልካቹ ቢበሳጭ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሮውላንድስ ያደረገው ሕጉ የሚከፍለውን ሥራ ነው፤ ከየትኛውም የሜዳ ክፍል በቀጥታ ወደ ውጪ የሚመታ ኳስ ያኔ መሬት ያስገኝ ነበር። አስቀድሞ በአውስትራሊያ የተሞከረው ገደብ በ1970 ለሁሉም ሲጸና፣ ከራስ መስመር ከ25 ያርድ አልፎ የቆመ ተጫዋች በቀጥታ ወደ ውጪ ቢመታ ውርወራው ከመታበት ትይዩ እንዲሆን ተደረገ። የመሪፊልዱ ዓይነት ጨዋታ በወቀሳ አልጠፋም፤ ትርፉ ሲቋረጥ ጠፋ።

የ1995 እና የ2007 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜዎችስ ያለ አንድ ትራይ አላለቁምን? አልቀዋል። እንዲህ ባለ ቀን ግን የአንድ ስህተት ዋጋ ይከብዳል፤ በራስ ሜዳ ኳስ ይዞ መሮጥም ለቅጣት ምት ያጋልጣል። መፍትሔው ምትን መከልከል አይደለም፤ ለደፋር ምት ዋጋ መስጠት ነው። ከ2021 ጀምሮ የተሞከረው 50፡22 የሚባለው ሕግ ይህን አድርጓል። ከራሱ የሜዳ አጋማሽ የተመታ ኳስ ሜዳ ውስጥ ነጥሮ በተጋጣሚ 22 ሜትር ክልል ከጎን መስመር ከወጣ ውርወራው የመቺው ቡድን ይሆናል። ተከላካዮች ያን ለመጠበቅ ወደ ኋላ ሲሸሹ የፊት መስመራቸው ይሳሳል፤ ለሯጩም ክፍተት ይፈጠራል። እዚህ ላይ ምት የሩጫ ባላንጣ መሆኑ ቀርቶ በር ከፋቹ ሆኗል።

ሕግ ቀዳዳ እንዳለውም እውነት ነው። ከመቺው ፊት የቀሩ ተጫዋቾች፣ ተጋጣሚ ኳሱን ይዞ 5 ሜትር ሲሮጥ ወይም ሲያቀብል ወደ ጨዋታ የመመለስ መብት ስለነበራቸው፣ ወደ ኋላ በማፈግፈግ ፈንታ ባሉበት መቆምን ለመዱ። ሠላሳ ሰው ባለበት ሜዳ ጥቂቶች ኳስ ሲለጋለጉ ሌላው ቆሞ የሚያይበት አሳዛኝ ትዕይንት መጣ፤ የደጋፊው ቅሬታም በረታ። ዓለም አቀፉ የራግቢ ማኅበር ያን ቀዳዳ በጁላይ 2024 ዘጋ። በዚያው ዓመት መጨረሻም ቀላቢውን አጅበው የአሳዳጁን መንገድ የሚጋርዱ ተጫዋቾች ያለ ይሉኝታ እንዲቀጡ ዳኞች ታዘዙ። በየክለቡ ሜዳ ከፍ ብሎ የሚመታው ኳስ፣ የሊምሪኩ ጋሪኦወን፣ ከዚያ ወዲህ እንደገና ዋና የማጥቂያ መሣሪያ ሆኗል።