ነጋሪት የሹም፣ ከበሮ የሁሉ

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስሙ የሚነሳው በዓባይ ምንጭ ነው። ስለ ከበሮም መጻፉን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። አገሩ ከተመለሰ በኋላ ለሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊው ለቻርልስ በርኒ ስለ ኢትዮጵያ የዜማ መሣሪያዎች ደብዳቤ ላከለት፤ በርኒም እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው የሙዚቃ ታሪኩ የመጀመሪያ ቅጽ ውስጥ አካተተው። ንጉሡ ሲዘምት ከፊቱ 45 ነጋሪት ይጎሰማል ይላል ብሩስ። እያንዳንዱ ጎሳሚ አንዲት ነጋሪት በበቅሎው ግራ ጎን አንጠልጥሎ በቆልማማ በትር ይመታታል። በእኛ አፍ የቆየው ቁጥር 44 ነው፤ በአንዷ አንጣላም። የነጋሪቱ አወጣጠር ግን ለብሩስ አልጣመውም። ቆዳው ከአፉ አልፎ ወደ ጎን ርቆ ስለሚወርድ ድምፁን ያፍነዋል ባይ ነው።

ከነጋሪት ቀጥሎ ከበሮን ያነሳል። በትር አያሻውም፣ ሁልጊዜ በእጅ ይመታል፤ ነጋሪት ያልተሰጠው አነስተኛ ሹም ሲጓዝም በእግር ወይም በፈረስ ተይዞ አብሮት ይሄዳል። ብሩስ እግረ መንገዱን የጣላት ይህች ወሬ የሁለቱን መሣሪያዎች ዕጣ ጠቅልላ ይዛለች። ንጉሥ አገረ ገዥ ሲሾም ነጋሪትና ሰንደቅ ይሰጠው ነበር። አዋጅ በነጋሪት ይነገራል፣ ክተት በነጋሪት ይጠራል፣ ከሹመት ውጭ ማንም አይጎስመውም። ስለዚህ ዙፋኑ ሲሄድ ነጋሪቱም ሄደ። ስሙ አስቀድሞ በ1934 ዓ.ም. ወደ ወረቀት ተሻግሮ የሕግ ጋዜጣ መጠሪያ ሆኗል፤ ዛሬም አዋጅ የሚወጣው በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው። ድምፁን መስማት የሚሻ ግን ሙዚየም ገብቶ ዝም ያለ ነጋሪት ከማየት ሌላ ብዙ ምርጫ የለውም። ማንም ያልተሾመበት፣ ማንም ያልተሻረበት ከበሮ ግን ዛሬም ባሕር ዳር ላይ ይፈለፈላል፣ ይወጠራል፣ ይሸጣል።

ጣና ለዚህ ሥራ የተመቸ አገር ነው። በሐይቁ 37 ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል። በደሴቶቹና በዳርቻው ካሉት ገዳማትና አድባራት መካከል ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ጣና ቂርቆስ፣ እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ፣ በዘጌም ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይገኛሉ። ጎብኚው ብዙውን ጊዜ የሚያየው የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል ነው። ዙሪያውን እየዞረ አንገቱን ሲያቀና የቆመበት የውጭው ክበብ ቅኔ ማሕሌት መሆኑን፣ ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ የተቀመጠውም ከበሮ መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂቱ ነው። አስጎብኚዎችም ቢሆኑ ከበሮውን ሁለት ጊዜ ጠብ ጠብ አድርገው ወደ ሥዕሉ ይመለሳሉ። እኔ ብሆን ከበሮው ዘንድ ረዘም አድርጌ እቆማለሁ።

እንጨቱ በአብዛኛው ዋንዛ ነው። ዋንዛ ለጠራቢ የታዘዘ እንጨት ነው ይባልለታል፤ ቀለል ያለ፣ መሮ የሚቀበል፣ ከደረቀ በኋላ ብዙም የማይጣመም፣ ምስጥም ቶሎ የማይደፍረው። የበሩን ሳንቃ፣ ቀፎውን፣ ሙቀጫውን ለዋንዛ የሰጠው ይኸው ጠባዩ ነው። በዘጌ ልሳነ ምድር ዋንዛ ከቡናው በላይ ጥላ ጥሎ ይታያል። ዘጌ እርሻ የማይታረስበት ምድር ነው፤ ባህሉ አቡነ በትረ ማርያም ከሰጡት ቃል ይነሳል፣ ካህናቱም ሕዝቡም ጠብቀውት ኖረዋል። የጣና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የሰውና የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ሲገባ ከተቆጠሩለት ሀብቶች አንዱ እንዲህ ያለው ደን ነበር። ከዘጌ ውጭ ግን ትልቅ ዋንዛ እየሳሳ ነው። የአገሪቱ የደን ሕጎችም ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክለዋል። ስለዚህ የዛሬ ከበሮ ሠሪ ግንዱን የሚያገኘው ከገበሬ ማሳ ዳር፣ ከወደቀ ዛፍ ወይም ከፈረሰ ነገር ነው። አንድ ሰው አቅፎ የማይጨርሰው ግንድ ደግሞ በየማሳው አይገኝም፤ የማሕሌት ከበሮ የሚጠይቀው ይህን የመሰለውን ነው።

ግንዱ በልኩ ከተቆረጠ በኋላ በምሳርና በመጥረቢያ ከውጭ ይቀረጻል፤ አንዱ ጫፍ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ልቡ በመሮ ይፈለፈላል። ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። ግድግዳው ወፍራም ከቀረ ከበሮው ይከብዳል፣ ድምፁም ይደነቁራል፤ ከመጠን በላይ ከሳሳ ደግሞ ጠፍሩ ሲጠብቅበት ይተረተራል። ርጥብ ዋንዛ ለመሮ ይመቻል፤ ሳይደርቅ ቆዳ ከለበሰ ግን ዓመት ሳይሞላው ስንጥቅ ያወጣል። የበሬው ቆዳ ተነክሮ፣ ፀጉሩ ተፍቆ፣ ርጥብ እንዳለ በሁለቱም አፎች ላይ ይለበሳል፤ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እየተመላለሰ በጠፍር ይጠፈራል። ቆዳውም ጠፍሩም ሲደርቁ እኩል ይኮማተራሉ። በዚህን ጊዜ የሚገኘውን ጥብቀት ጉልበተኛ ሰው ስቦ አያመጣውም።

ሊቃውንት በዚህ ሁሉ ላይ ምሥጢር አኑረዋል። ሰፊው አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት ምሳሌ ነው፤ ዙሪያውን የሚሄደው ጠፍር የጌታ ግርፋት ሰንበር፣ የሚለብሰውም ጨርቅ ያለበሱት ግምጃ ነው። በማሕሌት ላይ ከበሮው ከመጀመሪያው አይገባም። ቁም ዜማው በቃል ብቻ ይባላል፣ ዝማሜው በመቋሚያ ይመራል፤ መረግድ ሲደርስ ከበሮው በዝግታ ይነሳል፣ በጽፋት ይፈጥናል፣ ወረቡ ወደ ቸብቸቦ ሲያልፍ ከጭብጨባው ጋር ይጋጠማል። በጎንደር ላይ ቤት፣ በታች ቤትና በተክሌ አቋቋም መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቅ ደብተራ ገና ከበሮውን ከሩቅ ሰምቶ የመሪጌታውን ትምህርት ቤት ይናገራል። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለው ከበሮ አነስ ያለ ነው፤ ሠርግ ቤት ሴቶች ይይዙታል። አታሞ ደግሞ የባሰች ትንሽ ናት። በወሎ በኩል መንዙማ በድቤ ይሞቃል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የጠፋ አንድ ሰው አለ። የነገሥታቱን ነጋሪት ቁጥር እናውቃለን፣ የናርጋን አሠሪ እናውቃለን፣ የድጓውን ቁም ጸሐፊ ስም ብዙ ጊዜ በብራናው መጨረሻ እናገኛለን። ከበሮ ላይ የፈልፋዩ ስም የለም። ምክንያቱ ትሕትና ብቻ አይመስለኝም። ቆዳ የሚፍቅ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ እጅ በአገራችን ለዘመናት ሲናቅ ኖሯል፤ ከምርቱ ተጠቅመን ሠሪውን ቡዳ ብለናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ከልክለዋል። በዝርዝሩ ውስጥ ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ሠሪው አሉ፤ ስሙ መሳደቢያ ሆኖበት ነበርና ደብተራም አለበት። ቆዳውን የሚወጥረውና ከበሮውን የሚመታው በአንድ የስድብ መዝገብ መገናኘታቸው ይገርመኛል። አንደኛው ከስድቡ ወጥቷል። ሌላው የወጣው በግማሽ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ዛሬም ከበሮ ገዝተው የሚወጡ ሰዎች ሻጩን እንጂ ሠሪውን አይጠይቁም።

ባሕር ማዶ የከበሮ ገዥ ልማድ ሌላ ነው። በኩባ ኮንጋ የሚባለው ረጅም ከበሮ ሥሩ ከኮንጎ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ጋር የሄደ ነው። ቀድሞ ከአንድ ግንድ ይፈለፈል የነበረው በኋላ እንደ ወይን በርሜል ከተጣበቁ ሳንቃዎች ይሠራ ጀመር። አፉ አንድ ነው፣ ታቹ ክፍት ነው። ቆዳው በምስማር ይመታ በነበረበት ዘመን ከመጫወቱ በፊት እሳት እየሞቀ ይቃና ነበር፤ በብረት ቀለበትና በቡሎን የሚጠብቀው ዓይነት የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ሙያውን የሚያውቅ ገዥ በትንሽ አውደ ሥራ በእጅ የተሠራ ኮንጋ ሲያገኝ ከፋብሪካው ይልቅ ለእርሱ ጨምሮ ይከፍላል፤ የሠሪውንም ስም እየጠራ ይኮራበታል።

ኮንጋን ለአዲስ አበባ ጆሮ ያለማመደው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ የተወለደው ሙላቱ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ላይ «አፍሮ-ላቲን ሶል»ን ቀረጸ። ቡድኑ የኢትዮጵያ ኩዊንቴት ይባል እንጂ ተጫዋቾቹ በአብዛኛው የላቲን ተወላጆች ነበሩ። ወደ አገሩ ሲመለስ ቫይብራፎንና ኮንጋ አመጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን የሰማ ሰው ኮንጋው በአገሬው ቅኝት ሥር እንግድነት ሳይሰማው ሲሄድ ያዳምጣል። ከጥቂት ዓመት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባ ሄደው አደጉ፤ እነርሱ ደግሞ ኮንጋውን ከነቤቱ አወቁት። ዛሬ በባህል ቡድኖች መድረክ ላይ የተለያየ መጠን ያላቸው ከበሮዎች ተደርድረው አንድ ሰው ቆሞ ሲመታቸው የምናየው አቀማመጥ ከዚያ የኮንጋ ልማድ ብዙ የተበደረ ይመስለኛል። ብድሩ አያሳፍርም፤ ግን ለዚያ መድረክ የሚያስፈልገውን ከበሮ የሚፈለፍለው እጅ እዚሁ አለ።

ባሕር ዳር ላይ ከበሮ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የመደርደሪያ ከበሮ ነው፤ ትንሽ፣ ቀለም የተቀባ፣ ለሻንጣ የሚመች። ለስጦታ ይሁን፤ መሣሪያ ነው ብሎ የሚሸጥ ግን ያታልላል። በደህናው ገበያ ደግሞ ከቆርቆሮ የተሠራ አካል ያለው ከበሮ በዝቷል። ዋንዛ ሲጠፋና ሲወደድ የመጣ መፍትሔ ስለሆነ ሠሪዎቹን አልወቅስም፤ የሰንበት ትምህርት ቤቶችም ርካሽነቱንና ጥንካሬውን ወደውታል። ድምፁ ግን ይጮኻል እንጂ አያስተጋባም፤ ከውስጥ የሚመጣው ያ ወፍራም ጉምጉምታ የእንጨት ነው።

ጨርቁን አስወልቁ። የተሰነጠቀ አካል የሚደበቀው ከጨርቁ ሥር ነው፤ በሰም ወይም በሙጫ የተደፈነ ስንጥቅ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። አካሉን በጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ በጣት አንኳኩ፤ አንዱ ጎን ድርቅ ያለ፣ ሌላው የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ግድግዳው ተመሳሳይ ውፍረት የለውም ማለት ነው። ሁለቱንም አፍ መሐሉንም ጠርዙንም ምቱ። በሰፊውና በጠባቡ መካከል ጥርት ያለ ልዩነት ካልሰማችሁ አንዱ ቆዳ ልል ነው። ጠፍሩ አንድ ወጥ መሆኑን፣ ሲበጠስ መተካት እንዲቻል ትርፍ መተዉን ተመልከቱ። ማንገቻውን ትከሻችሁ ላይ ሞክሩት፤ ማሕሌት ሌሊቱን ሙሉ ነው። ዋጋ ላይ መከራከር የገበያ ወግ ነው፤ ግን ግማሹን ቆርጦ የሚጀምር ገዥ ሠሪውን ወደ ቆርቆሮው እየገፋው ነው።

ከዚያም ማን ፈለፈለው፣ ማን ወጠረው ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሻጩ ሦስተኛ ነው። ወጣሪውን ማወቅ ጥቅሙ በክረምት ይታያል። በጣና ዳር ሐምሌና ነሐሴ ቆዳ እርጥበት ይጠጣል፣ ከበሮውም ይላላል። መድኃኒቱ ፀሐይ ነው፤ ፀሐይ ካልበቃው ወይም ጠፍሩ ራሱ ከለቀቀ ተፈትቶ እንደገና መወጠር አለበት፤ ይህን ደግሞ በደንብ የሚሠራው መጀመሪያ የወጠረው ሰው ነው። ለጥምቀት አዲስ የሚፈልግ ጥር እስኪገባ አይጠብቅ፤ በጥቅምት ያዝዝ፣ ቆዳው የኅዳርን ደረቅ ፀሐይ ሙሉ ያግኝ።