ላስታና ሕዝቧ፤ ከጥንት ሰፈራ እስከ ነጻነት

የዛሬው ነገራችን ስለ ላስታ ሕዝብ ነው።

በተማሪ ቤት ሳለሁ የዛጔ ነገሥታትን ታሪክ የተማርነው ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ቃል ነበር። ዙፋኑን ከባለቤቱ ቀምተው 133 ዓመት ገዙ፤ ከእነርሱም አንዱ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትን ከድንጋይ ፈለፈለ፤ ኋላም መንግሥቱ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ ተባልን። እኛም ይህን በቃላችን ይዘን ፈተናውን አለፍን። ከብዙ ዓመት በኋላ ለሥራ ጉዳይ ከወልድያ ተነሥቼ፥ ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ታጥፌ፥ ያን ጠመዝማዛ መንገድ ወርጄ በላሊበላ ከተማ ባደርሁ ጊዜ፥ በማግስቱም በቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሜ ወደ ታች ባየሁ ጊዜ፥ ያ የተማሪ ቤት ገጽ ትዝ አለኝና አፈርሁ። ቀማኛ የተባለ ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ በማን ልብ፥ በማን እጅ ሠራው? ሥራውንስ የሠራው ሕዝብ ከወዴት መጣ? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው የዛሬውን ነገር የጀመርሁት።

ላስታ ማለት ደጋና ቆላ ተቃቅፈው የሚኖሩበት አገር ነው። ከላሊበላ ከተማ በላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከተማው ራሱ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል፤ የተከዜም ወንዝ ከዚሁ ከፍተኛ አገር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይወርዳል። የገበሬው ቤት እንኳ ከሌላው ይለያል። ቀዩን ድንጋይ በጭቃ እየካበ ክብ አድርጎ በፎቅ ይሠራዋል። ድንጋይ ለላስታ ሰው ከጥንት ጀምሮ የቅርብ ዘመዱ ነው።

የዚህ አገር ጥንታዊ ሕዝብ አገው ነው። አገው ዛሬ በአራት ስፍራ ተከፋፍሎ ይገኛል፤ ይኸውም በዋግ ኽምራ፥ በጎጃም አዊ፥ በጎንደር አካባቢ ቅማንት፥ በኤርትራም በከረን ዙሪያ ቢለን ነው። የቢለን ሽማግሌዎች አባቶቻቸው ከላስታ እንደ ወጡ በትውፊታቸው ይናገራሉ። የቋንቋ ሊቃውንትም እነዚህ አራቱ ቋንቋዎች የኩሽ ወገን ሆነው ከአንድ ምንጭ እንደ ተቀዱ መስክረዋል። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ በየጽሕፈት ቤታችን ደብዳቤ በምንጽፍበት በአማርኛ ግሡ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይቆማል። በግዕዝ ግን ብዙ ጊዜ ይቀድማል። ሊቃውንቱ ይህ ልማድ ወደ አማርኛ የገባው አገውን ከመሰለው ከኩሽ ቋንቋ ነው ይላሉ። እንግዲህ «ጉዳዩ እንዲፈጸም እናሳስባለን» ብለን በጻፍን ቁጥር የአገው አባቶች አሠራር በብዕራችን ውስጥ አለ ማለት ነው።

አገው በታሪክ ጽሑፍ ውስጥ የገባው እጅግ ቀድሞ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የሚባል የግሪክ ነጋዴ ወደ አዱሊስ መጥቶ በዚያ የነበረውን የድንጋይ ጽሕፈት ገልብጦ ጻፈ። በዚያ ጽሕፈት ውስጥ አንድ የአክሱም ንጉሥ ካስገበራቸው ሕዝቦች መካከል የአገው ስም ይገኛል። ኮስማስ በራሱ ዘመን ያየውንና የሰማውንም ይተርካል። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ ወርቅ ወደሚገኝበት ሳሱ ወደሚባል አገር ሰዎችን ይልክ ነበር፤ ጉዞውም የሚደረገው በአገው ገዥ በኩል ነበር። ነጋዴዎቹም በሬ፥ ጨውና ብረት ይዘው ሄደው በወርቅ ይለውጡ ነበር። ከዚህ የምንረዳው፥ አገው ለአክሱም መንግሥት ባዕድ ሳይሆን የመንግሥቱ አንድ ክንድ ሆኖ የደቡቡን በር የጠበቀ መሆኑን ነው። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1972 ባወጡት መጽሐፍ ላይ የአገው ሕዝብ ከአክሱም መንግሥትና ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ቀስ በቀስ እንዴት እንደ ተዋሐደ በሰፊው አስረድተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ፥ የኢትዮጵያ ነው ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።)

አክሱም በደከመ ጊዜ የመንግሥቱ ማእከል ወደ ደቡብ እየተሳበ መጣ። በ12ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እኩሌታ ላይም የላስታ አገው ሥልጣኑን ያዘ። ዛጔ የሚለው ስም «ዘአገው» ከሚለው እንደ መጣ ብዙዎች ይስማማሉ። የመጀመሪያው ንጉሥ በትውፊት መራ ተክለ ሃይማኖት ይባላሉ። ከእርሳቸው በኋላ ከነገሡት መካከል ይምርሐነ ክርስቶስ፥ ሐርቤ፥ ላሊበላ፥ ነአኵቶ ለአብና ይትባረክ ስማቸው የታወቀ ነው። ዘመናቸውን አንዳንዱ 133 ዓመት፥ አንዳንዱም 333 ዓመት ያደርገዋል። የዛሬ ሊቃውንት ወደ መጀመሪያው ያዘነብላሉ።

«ቀሙ» የሚለውን ቃል ለመመዘን ወደ ሥራቸው እንሂድ። ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያናቸውን በትልቅ ዋሻ ውስጥ አሠሩ። አሠራሩም እንጨቱ እንደ መቀነት ከድንጋዩ ጋር እየተፈራረቀ፥ ድንጋዩ ነጭ ሆኖ ተለስኖ፥ ፍጹም እንደ አክሱም ሥርዐት ነው። ላሊበላም ባስፈለፈሏቸው በቤተ አማኑኤል ግድግዳ ላይ ይኸው የእንጨትና የድንጋይ መፈራረቅ በአንድ ወጥ ዐለት ላይ ተቀርጾ ይታያል። እንጨት በሌለበት እንጨት እንዳለ አድርጎ መቅረጽ ለቤቱ ጥንካሬ አንዳች አይጠቅምም። ጠራቢው ይህን ያደረገው የአክሱም ልጅ መሆኑን ለመናገር ነው ብዬ አምናለሁ። በ1204ና በ1225 በላሊበላ ስም የተጻፉ የመሬት ስጦታ ሰነዶችም አሉ፤ ቋንቋቸውም ግዕዝ ነው። ሃይማኖቱ ያው፥ የጽሕፈቱ ቋንቋ ያው፥ የሕንጻው ሥርዐት ያው ከሆነ፥ የተለወጠው የገዥው ቤተ ሰብ ነው እንጂ መንግሥቱ አይደለም።

ስለ ንጉሥ ላሊበላ ስም የሚነገረውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በተወለዱ ጊዜ ንቦች ስለ ከበቧቸው እናታቸው ንግሥናቸውን ንቦች አወቁ ስትል በአገውኛ ላሊበላ አለቻቸው ይባላል። ሚስታቸውም መስቀል ክብራ ይባላሉ። ሮሐ ወይም አደፋ ይባል የነበረው ከተማ በኋላ በንጉሡ ስም ተጠራ።

አብያተ ክርስቲያናቱ 11 ናቸው። ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ ከ33 ሜትር፥ ስፋቱ ከ23 ሜትር ይበልጣል፤ ቁመቱም 11 ሜትር ከመንፈቅ ገደማ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው 12 ሜትር ያህል በጠለቀ ጉድጓድ ውስጥ በመስቀል አምሳል ቆሟል። የአሠራሩን ዘዴ ተመልከቱ። ሌላው ግንበኛ ከመሠረት ይጀምርና ወደ ጣራ ይወጣል፤ የላስታ ጠራቢ ግን ከጣራ ጀምሮ ወደ መሠረት ይወርዳል። አስቀድሞ በዐለቱ ዙሪያ ጥልቅ ቦይ ይቈፍርና መካከሉን እንደ ደሴት ለይቶ ያስቀራል። ከዚያ በኋላ በሩንና መስኮቱን ከፍቶ ውስጡን ይፈለፍላል። ዓምዱን፥ ቅስቱን፥ ጉልላቱን ሳይነካ በዙሪያው ያለውን ያወጣል። ግንበኛ ተሳስቶ ያስቀመጠውን ድንጋይ አንሥቶ ሌላ ይተካል፤ ጠራቢ ግን አንድ ዓምድ በስሕተት ከሰበረ የሚተካበት የለውም። የዝናቡ ውሃ ጉድጓዱን እንዳይሞላውም የመውረጃ ቦይ አስቀድሞ አስቧል። ዮርዳኖስ የተባለውም ቦይ በሁለቱ ወገን አብያተ ክርስቲያናት መካከል ያልፋል። እንዲህ ያለው ሥራ ያለ አለቃ፥ ያለ ልክ፥ ያለ ቀለብ አስተዳደር አይከናወንም። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። ስንቱ ሰው ስንት ቀን ሠራ? መሣሪያውን ማን ሳለ? ስንቁን ማን አቀበለ? ይህን ሁሉ የሚቈጥር ሹም በዚያ ዘመን ነበረ ማለት ነው።

ጎልጎታና ዮርዳኖስ የሚሉት ስሞች የኢየሩሳሌምን ምሳሌ ያሳያሉ። ከተማይቱ በ1187 በሳላሕ አድ ዲን እጅ ስለ ወደቀች ላሊበላ በአገራቸው ሁለተኛይቱን ኢየሩሳሌም ሠሩ የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ ከጉድጓዱ የወጣውን የድንጋይ ጥራጊና የዐለቱን አቈራረጥ መርምረው፥ ሥራው በአንድ ንጉሥ ዘመን ብቻ ሳይሆን በየዘመኑ እየተጨመረና እየተለወጠ እንደ ሄደ ይናገራሉ። ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ሩፋኤልም መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆኑ ለሌላ አገልግሎት የተሠሩ ናቸው የሚሉ አሉ። ይህ የንጉሡን ክብር የሚቀንስ አይመስለኝም። ይልቁንም ሕዝቡ ጥበቡን ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርስ እንደ ኖረ ያሳያል።

በ1520ዎቹ ዓመታት ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል የፖርቱጋል ቄስ ወደ ላስታ መጥቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አየ። በ1540 በታተመው መጽሐፉም ያየውን ሁሉ ቢጽፍ እንዳይታመን ስለ ፈራ እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ማለ። ነገር ግን ይኸው ቄስ ሥራው በ24 ዓመት እንዳለቀ፥ የሠሩትም ከግብጽ የመጡ ነጮች እንደ ሆኑ ተነገረኝ ብሎ ጻፈ። ይህች አንዲት ወሬ ከዚያ ወዲህ በብዙ መጽሐፍ እየተቀዳች ስንት ዘመን ዞረች! አንዱ ግብጻውያን ነው ይላል፤ ሌላው የመስቀል ጦረኞችን ያመጣል። የአክሱምን ሐውልቶች ከአንድ ዐለት ያወጣ፥ በትግራይ ተራሮችም አብያተ ክርስቲያናትን የፈለፈለ አገር፥ ለላስታ ብቻ ጠራቢ ከባሕር ማዶ የሚጠራበትን ምክንያት የነገረን ግን የለም። አባቶች መላእክት በሌሊት እየረዱ ሠሩ የሚሉትን እኔ አልነካውም። እርሱ እንኳ ቢሆን ቀን የሠራውን የላስታን ሰው አይክደውም።

በ1270 ይኩኖ አምላክ ተነሡ፤ የመጨረሻው የዛጔ ንጉሥ ይትባረክም በጋይንት በቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደ ተገደሉ በትውፊት ይነገራል። አዲሱ ሥርወ መንግሥት የዛጔን ነገሥታት ከሰሎሞን ዘር ያልሆኑ ብሎ ጻፈ። የእኛም የተማሪ ቤት ገጽ የመጣው ከዚህ ነው። ነገር ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር ሆነ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ይምርሐነ ክርስቶስን፥ ላሊበላንና ነአኵቶ ለአብን ከቅዱሳን ቈጠረቻቸው፤ ገድላቸውም የተጻፈው በሰሎሞናውያን ዘመን ነው። ዙፋኑን ያጡት ነገሥታት በታቦትና በገድል ከበሩ። የላሊበላም በዓል ሰኔ 12 ቀን ይከበራል።

የዛጔ ዘር በዋግ ሹምነት ቀረ። ዋግሹም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ፥ ነጋሪትም የማስመታት መብት ነበረው ይባላል። ከዚህ በኋላ ያለውን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። በ1533 የኢማም አሕመድ ጦር እስከ ላሊበላ ደረሰ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ግን ቆመው ቀሩ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ባወጁ ጊዜ የላስታ ሕዝብ በመልክዐ ክርስቶስ መሪነት ተነሣ። በሰኔ 1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ላስቶች ድል ቢሆኑም፥ ከእነርሱ ወደ 8,000 ሰው እንደ ወደቀ ይተረካል። ያን ሬሳ ያዩት ንጉሠ ነገሥት በዚያው ወር የአባቶቻችሁን ሃይማኖት መልሻለሁ ብለው ዐወጁና መንግሥታቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ተሸንፎ የፈለገውን ያገኘ ሠራዊት በታሪክ ጥቂት ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት የዛጔ ደም ዳግመኛ ዙፋን ላይ ወጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ ዋግሹም ገብረ መድኅንን ገድለው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መቅደላ ላይ በሞቱበት በ1868 የገብረ መድኅን ልጅ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ነገር ግን በሐምሌ 1871 በአድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሣ፥ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በተባሉት፥ ድል ሆነው ተማረኩ።

ኢጣሊያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ላስታ ቀድሞ ከሸፈቱት አገሮች አንዱ ሆነ። በ1937 ክረምት የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ የላስታንና የዋግን ሰው አስነሥተው ጠላትን ወጉ። በዚያው ዓመት ጠላት ይዞ ገደላቸው፤ አንገታቸውንም ቈርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ አደረገው። አርበኛው ግን አልተበተነም። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ፤ በተከታዩ ወር የጠላት ጦር በአምባ አላጌ እጁን ሰጠ፤ የላስታም ሰው ወደ እርሻው ተመለሰ።

ከነጻነት በኋላ አብያተ ክርስቲያናቱን መጠገን ተጀመረ። በ1960ዎቹ ሳንድሮ አንጀሊኒ የሚባል ኢጣሊያዊ መሐንዲስ ቀድሞ በተቀባው ቅባት የተሸፈነውን ዐለት እየገለጠ ስንጥቁን ጠገነ። የወራሪው አገር ልጅ ለጥገና መምጣቱን ልብ ይሏል። በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባቸው። በ2008 ዝናብ እንዳይገባባቸው ትልልቅ የብረት መጠለያ ተሠራላቸው፤ መጠለያው ራሱ ዐለቱን እንዳይጎዳ በሚል የከተማው ሰውና ባለሙያዎቹ ሲከራከሩበት ቈይተዋል።

በላሊበላ ከተማ ዛሬ የሚነገረው አማርኛ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው ዐለት ጫፍ ላይ ቆመው «ቤዛ ኵሉ» ሲሉ ከታችም ከላይም ሆኖ የሚያዳምጠው ምእመን ብዙ ነው። ወደ ሰሜን ወደ ሰቆጣ የሚሄድ ሰው ግን በገበያ ውስጥ ኽምጣና ሲነገር ይሰማል። የላሊበላ ስም የወጣበት የአገው አንደበት፥ ንቡንም ንጉሡንም ያወቀው ቋንቋ፥ ዛሬም በዚያ ማር ይሸጥበታል።