መቐለ የተባለችው መርከብ

የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ በ1956 ዓ.ም. ተመሠረተ። ወደብ በ1985 አጣን፤ መርከብ መግዛቱን ግን አልተውንም። ከዓመታት በኋላ በቻይና ካሠራናቸው ዘጠኝ መርከቦች አንዷ «መቐለ» ተባለች። ተራራ ላይ ላለች ከተማ ደስ የሚል ቀልድ ነው!

ባሕር መሀል የፓምፕ ሞተር ቢቆም ጋራዥ የለም። የመርከቡ ኤሌክትሪሺያን ራሱ ይፈታዋል፤ ኩሽኔታውን ይቀይራል፣ ጨውና እርጥበት የገባበትን ጥቅል ሽቦ አጥቦ ያደርቃል። በሜገር ሲለካው ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካሳየ ኤሌክትሪክ አይለቅበትም። ይህን ሙያ የሚያስተምር ተቋም ባህር ዳር፣ ጣና ዳር አለን።

ከተማዋ መቐለስ? በሐምሌ 2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲጀመር ሥራ አቆመ። ለዓመታት የቆመ የስፌት ማሽን ሞተርም አቧራና እርጥበት ይገባዋል፤ ከመነሣቱ በፊት ያው ፍተሻ ያሻዋል። ልዩነቱ፣ መርከብ ጠጋኟን ይዛ ትጓዛለች፤ የፓርኩን ሠራተኞች ግን ጦርነቱ በትኗቸዋል።