የንጉሥ መንገድ በወሎ

እ.ኤ.አ. በ1959 የአሜሪካው ሸቭሮሌት ፊቷ የቤት አውቶሞቢል፣ ኋላዋ ፒክአፕ የሆነች መኪና ለገበያ አቀረበ። ስሟ ኤል ካሚኖ ነው፤ «መንገዱ» እንደማለት። ፎርድ ከሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ራንቼሮ የምትባል ተመሳሳይ መኪና አውጥቶ ነበርና ሸቭሮሌትም የስፔን ለዛ ያለው ስም ማሰሱ አያስገርምም። የመረጠው ስም ግን ረጅም ጓዝ ነበረው። የስፔን ነገሥታት በአሜሪካ ግዛታቸው ዋና ዋናዎቹን መስመሮች «ካሚኖ ሪያል»፣ የንጉሥ መንገድ፣ ይሏቸው ነበር። አንዱ ከሜክሲኮ ከተማ ተነሥቶ የብር ማዕድን የሚወጣባቸውን ከተሞች እያያያዘ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሳንታ ፌ ይገባል። ሌላው እ.ኤ.አ. ከ1769 ጀምሮ በካሊፎርኒያ የተተከሉትን 21 ሚሲዮኖች ያገናኛል። ይህ ሁለተኛው መንገድ የበቅሎና የአቧራ ነበር። የአውቶሞቢል ዘመን ሲብት፣ እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ፣ ካሊፎርኒያውያን በዳርና ዳሩ የደወል ምልክት እየተከሉ የሽርሽር መስመር አደረጉት። የመኪና ስም የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ንጉሡም በቅሎውም ከተረሱ በኋላ ማለት ነው።

የንጉሥ መንገድ ከተባለ ወሎ ከማንም አያንስም። ልዩነቱ የእኛ ነገሥታት በአብዛኛው መንገድ አለመሥራታቸው ነው፤ ይሄዱበታል እንጂ። ሠራዊት የሚጓዘው ውኃና ሣር ባለበት፣ ወባ በሌለበት ነው። ስለዚህ ከሸዋ ወደ ሰሜን የሚወጣው የድሮ መስመር ቆላውን ሸሽቶ ደጋ ደጋውን፣ በወረኢሉ አድርጎ፣ ቦሩ ሜዳን አቋርጦ፣ በአምባሰል በኩል ወደ የጁና ወደ ትግራይ ይዘልቅ ነበር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖቱን ጉባኤ ቦሩ ሜዳ ላይ የሰበሰቡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከሸዋም ከትግራይም የሚመጣ ሰው እዚያ መድረስ ይችላል። በ1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተፈረመው ውል የውጫሌን ስም የያዘውም በዚሁ መስመር ላይ በመፈረሙ ነው። ያ ውል ባመጣው ጣጣ አፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ የሸዋ ጦር እስከ 1888 ዓ.ም. ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ተሰብስቦ እንዲጠብቃቸው ያዘዙት ወረኢሉ ላይ ነው። የአድዋ መንገድ የሚጀምረው ከዚያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የወሎው ንጉሥ ሚካኤልም በ1909 ዓ.ም. ወደ ሰገሌው ጦርነት ጦራቸውን ያወረዱት ደሴን ይዘው፣ በዚያው ከወሎ ወደ ሸዋ በሚያወርደው አቅጣጫ ነበር። አልተመለሱም።

ዛሬ ወረኢሉን ካርታ ላይ የሚፈልግ ሰው ከዋናው አስፋልት ርቆ ያገኘዋል። ቦሩ ሜዳም በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ካለው ስፋት አንጻር ሲታይ ትንሽ ቦታ ነው። ሁለቱን ከመሐል ያወጣቸው የትኛውም ንጉሥ አይደለም፤ ጎማ ነው። ለእግርና ለፈረስ የሚመቸው የተራራ ጀርባ ለመኪና አልመች አለ። መኪና ወባን አይፈራም፣ ዳገትን ግን ይፈራል። መንገዱ ከደጋው ወርዶ በሸዋሮቢት፣ በከሚሴ፣ በሐርቡ አድርጎ ኮምቦልቻ ሲደርስ የአካባቢው ዕድልም አብሮት ወረደ። ኮምቦልቻ የምትባለው ከተማ የዚህ መውረድ ልጅ ናት።

ከምሥራቅ የሚመጣውን ሌላውን መንገድ ግን ማንም ንጉሥ «የእኔ» ሳይለው ኖሯል። ከአፋር ዝቅታ በግመል የሚጫነው ጨው ባቲ ይደርሳል፤ ባቲ ላይ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ሰኞ ሰኞ ይገናኛሉ፤ ከዚያ እህሉ ወደ ቆላ፣ ጨዉ ወደ ደጋ። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይሠራበት በነበረበት ዘመን ይህ መንገድ ከአገሪቱ የገንዘብ ሥሮች አንዱ ነበር ማለት ይቻላል። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያልፈው የጦር መንገድ ስሙ ገኗል። ለእኔ ግን የደሴንና የኮምቦልቻን ኑሮ ይበልጥ የወሰነው ይህ የምሥራቁ የግመል መንገድ ነው፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ከጣልያን ጦርነት በፊት ከአዲስ አበባ ደሴ የሚያደርስ የመኪና መንገድ ነበረ፤ መንገድ ከተባለ። ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ኅዳር ደሴ ገብተው ጠቅላይ ሰፈራቸውን ሲያደርጉ የተጠቀሙበት እሱን ነው። ኅዳር 26 ቀን የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ሳይቀር ቦምብ አረፈበት። ሚያዝያ 7 ቀን ጣልያን ደሴን ያዘ። ሚያዝያ 18 ቀን የማርሻል ባዶሊዮ ከ1,600 በላይ ተሽከርካሪዎች ከደሴ ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። ጋዜጦቻቸው ይህን ጉዞ «የብረት ፈቃድ ዘመቻ» አሉት። እውነቱን ለመናገር ብረቱን ይበልጥ የፈተነው ጭቃው ነበር፤ ጣርማበር ላይ መንገዱ ተቆርጦ ስለ ነበር ሰልፉ ቆሞ ወታደሩ አካፋ ያዘ። አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር ለማይሞላ መንገድ አሥር ቀን።

ያ ውርደት ይመስለኛል ጣልያኖችን እንደ እብድ ወደ መንገድ ሥራ የከተታቸው። ከአሥመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባውን መንገድ «የድል ጎዳና» ብለው ሰየሙት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው ጣርማበር ላይ ተራራውን 600 ሜትር ገደማ በስተው ዋሻ አወጡ፤ ስሙንም ለሙሶሊኒ ሰጡ። ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ የሚወርደውንም በረሃ ለበረሃ ቀየሱት። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ኮምቦልቻ ተነሥቶ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ 2,500 ሜትር ላይ ወዳለችው ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ለሾፌር እስከ ዛሬ ፈተና ነው። ከላይ የሚመጣ በማርሽ ይይዛል፣ ከታች የሚወጣ ጭነቱን ያማርራል።

ከዚህ ሁሉ ስም የትኛው ቀረ? «የድል ጎዳና» የሚል ሾፌር ሰምቼ አላውቅም። ዋሻው የጣርማበር ዋሻ ነው፤ ሙሶሊኒ ከላዩ ረግፏል። የቀረው ከታች የመጣው ነው። ፊያት 634 የተባለው ከባድ የናፍጣ መኪና የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮቹን ይዞ ትሬንታ ኳትሮ ተባለ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ፊያት 682 ኤን 3 ደግሞ ኤንትሬ። ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፣ ጎሚስታው ሁሉ ከዚያው ጓዝ ነው። አሜሪካ የመንገድን ስም ለመኪና ስትሰጥ፣ እኛ ዘንድ መኪናው የቁጥር ስሙን ይዞ የሰው ያህል ታወቀ። በኋላም ሕዝቡ በዚያው ልማዱ ቀጥሎ ሚኒባሱን አባዱላ፣ ሲኖትራኩን በአደጋው ብዛት ቀይ ሽብር ብሎታል። ፋብሪካ የማይደፍረው ስም!

የጣልያን መንገድ ለጣልያን ያገለገለው አምስት ዓመት ላልሞላ ጊዜ ነው። በ1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ጣልያኖች እየሸሹ ያፈረሱትን እየጠገነ፣ በአርበኞች እየታገዘ በዚያው አስፋልት ወደ ሰሜን ወጣ። ከኮምቦልቻ በላይ ባሉት ተራሮች ላይ ከባድ ውጊያ ሆነ። ደሴ የተያዘችው ሚያዝያ 18 ቀን ነው፤ የባዶሊዮ መኪኖች ከደሴ በተነሡ በአምስት ዓመቱ፣ ቀን ሳይዛነፍ። ጣልያን ለጦሩ የሠራው መንገድ ጠላቱን ይዞበት መጣ።

ከዚያ ወዲያ ጥቂት ዓመታት መንገዱ እየተቦረቦረ ከረመ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ገንዘቡ የመጣው ከዓለም ባንክ ነው፤ ለመንገድ የተሰጠው 5 ሚሊዮን ዶላር ባንኩ ለአፍሪካ ካበደራቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው የ1945ቱ ፌዴሬሽን በኋላ የአሰብ ወደብ ተከፈተ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ በሶቪየት እርዳታ የነዳጅ ማጣሪያ ተተከለበት። ያኔ ነው የጨው መንገዱ የነዳጅ መንገድ የሆነው። ቦቴው ከአሰብ ተነሥቶ፣ የአፋርን ሙቀት በሌሊት አልፎ፣ ባቲን ወጥቶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሾፌሩ በልቶ፣ ጎማውን አስጠግኖ፣ ጥቂት ተኝቶ ይነሣል። ኮምቦልቻ ላይ ሆቴል፣ ጋራዥና መጋዘን የበዛው ከዚህ የተነሣ ነው። ከአሰብ አዲስ አበባ 850 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚሄዱበት አይደለም። በኋላ ከአፋሯ ሚሌ በአዋሽ በኩል አዲስ አበባ የሚያገባው ዝቅተኛ መንገድ ሲከፈት ከዚህ ሲሳይ ከፊሉ ተነጠቀ።

መንገዱ ያየው ሁሉ ንግድ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ዝናብ ከድቶ፣ እህል አልቆ፣ ባላገሩ ከየሸለቆው ወጥቶ አስፋልቱ ዳር ተቀመጠ። አውቶቡስና ጭነት መኪና እያስቆመ ምግብ ለመነ። ወደ ደሴና ወደ ከተሞቹ የተሰደደው ሕዝብ መንግሥት የደበቀውን ረሃብ ለተጓዥ ሁሉ ገለጠው፤ ገጠር ውስጥ ቢሞት ማን ያየው ነበር? የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መግቢያ ያሳየው ፊልም ዓለምን አንቀጠቀጠ፤ ደርግም በ1967 ዓ.ም. መባቻ፣ ንጉሠ ነገሥቱን ሊያወርድ ሲል፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየው። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው መስመር ላይ፣ ራቅ ብላ በሰሜን ያለችው ኮረም ተመሳሳዩን አየች። የዘውዱን መውደቅ ምክንያት የሚጽፉ ሰዎች መኮንኖቹን እንጂ አስፋልቱን አይጠቅሱም። መጥቀስ ነበረባቸው።

የአሰብ ነገር በ1990 ዓ.ም. አበቃ። ማጣሪያው ከዓመት በፊት ሥራ አቁሞ ነበር፤ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ወደቡም ተዘጋ። ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ በጋላፊ ገብቶ ሚሌ ሲደርስ አብዛኛው ወደ አዋሽ ይታጠፋል፤ ወደ ሰሜን የሚሄደው ብቻ በባቲ ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል። በ2010 ዓ.ም. ሰላም ሲወርድ ወሎ ውስጥ የአሰብ ስም እንደገና ተነሥቶ ነበር፤ መኪና ግን አልመጣም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነት በዚያው የድሮ አቅጣጫ ከሰሜን መጥቶ ደሴንና ኮምቦልቻን ያዘ፤ ኅዳር 27 ቀን እስኪለቀቁ ድረስ ፋብሪካውም ሆስፒታሉም ተዘረፈ። ሐረጎ እንደገና የውጊያ ወሬ ሆነ።

ኮምቦልቻ አሁንም ፊቷን ወደ ምሥራቅ እንዳዞረች ናት። ደረቅ ወደብ አላት፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ ሁለቱም ያለ ባሕር መንገድ ትርጉም የላቸውም። በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው፣ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው የ390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመር የተቀየሰው ለዚሁ ነው። የቱርኩ ያፒ መርከዚ ዋሻውን በስቶ፣ ድልድዩን ዘርግቶ፣ ሐዲዱን ካነጠፈም በኋላ ባቡሩ ለዓመታት መንገደኛም ጭነትም ሳያነሣ ቆይቷል። ከሚሌ በባቲ የሚወጣው ጭነት መኪና እስከዚያው ዋጋውን ራሱ ይወስናል፤ ይህም ለኮምቦልቻ ባለፋብሪካ ርካሽ አይደለም።